ከስትሮክ በኋላ፦ ኢንዛይሙ ይገታ ወይስ አይነካ?

በአፋር ክልል ካለችው ሎጊያ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጅቡቲ መንገድ ላይ ያለ የከባድ መኪና ሹፌር ድንገት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ቢለው፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው አልቴፕሌዝ የሚሰጥበት 4 ሰዓት ተኩል ዋና ከተማው ሳይደርስ ያልቃል። ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ይደረግለት? ሁለት ጸሐፊዎች ኤምኤምፒ-9 በተባለው ኢንዛይም ላይ ይሟገታሉ።

ቶሎ ይገታ

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይህ ኢንዛይም የአንጎልን ደም ሥሮች የሚደግፈውን ኮላጅን ይቆራርጣል። በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር ያፈሳል፤ አንጎል ያብጣል፤ አንዳንዴም ይደማል። ኢንዛይሙን የሚሠራው ጂን የሌላቸው አይጦች ስትሮክ ሲደርስባቸው የሞተው የአንጎል ክፍል አነስተኛ መሆኑን የቦስተን ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ለኮሌራ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን እነዚህን ኢንዛይሞች ይገታል። ዘመዱ ሚኖሳይክሊን ደግሞ በ2007 በታተመ የእስራኤል ጥናት ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ተጀምሮ ለ5 ቀን ሲሰጥ፣ የወሰዱት ካልወሰዱት የተሻለ አገግመዋል። ርካሽና የታወቀ መድኃኒት ነው። አልቴፕሌዝ ለማይደርስላቸው የአፋር ሕሙማን ይጠቅም እንደሆነ እዚሁ ክልሉ ውስጥ መፈተን አለበት።

ጊዜው ሳይታወቅ አይነካ

ኢንዛይሙ ሁልጊዜ አጥፊ አይደለም። በ2006 የቦስተን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ስትሮኩ ከደረሰ ከ7 ቀን በኋላ ኢንዛይሙን መግታት አዳዲስ የደም ሥሮች የሚያድጉበትን ጥገና አደናቅፏል፤ ጉዳቱንም አባብሷል። በመጀመሪያው ቀን የሚያፈርሰው ኢንዛይም በሁለተኛው ሳምንት ይጠግናል።

እንግዲህ ከሩቅ የአርብቶ አደር ቀበሌ በሳምንቱ የሚደርሰውን ሕመምተኛ ማሰብ ይገባል። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት የሚናገር ሰው ከሌለ ክኒኑ የሚያድነውን ሳይሆን የሚጎዳውን ጊዜ ሊያገኝ ይችላል። ስትሮክ የመዋጥ አቅምንም ያሳጣል፤ ያለ ምርመራ የተሰጠ ክኒን ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የእስራኤሉም ጥናት ቢሆን ሕሙማኑ የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስዱ እያወቁ የተካሄደ ነው።

ክኒኑን ከመሞከር የሚቀድም ሥራ አለ። ዋናው የስትሮክ መንስኤ የደም ግፊት ነው። ሹፌሮች በሚያድሩባቸው የሎጊያ ማረፊያዎች ግፊት ይለካ፤ መድኃኒት የጀመረው ሹፌርም ጅቡቲ ደርሶ እስኪመለስ ክኒኑ እንዳያልቅበት ይደረግ።