ስኖርላክስን መቼ እናስተኛው?

ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ የተጀመረውን ፖኪሞን የሚጫወት ከሆነ፣ ስኖርላክስን ሳያዩት አልቀሩም፤ 460 ኪሎ የሚመዝን፣ በልቶ የሚተኛ ግዙፍ ፍጡር ነው። የፍጥነት መነሻ ነጥቡ 30፣ የጤናው ግን 160 ነው።

ብልህ ተጫዋች ስኖርላክስን አያሽቀዳድመውም። «እርግማን» በተባለው ስልት ፍጥነቱን ይበልጥ ቀንሶ የመምቻና የመከላከያ ኃይሉን ያሳድግለታል። ሲጎዳ «እረፍት» ያዘዋል፤ ጤናው ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ ነገር ግን ለሁለት ተራ ተኝቶ ይመታል። ቶሎ ካስተኛው ተራው ይባክናል፤ ከዘገየ ይሸነፋል። ተጋጣሚው በጩኸት አባሮ ከሜዳ ካስወጣው ደግሞ ያከማቸው ኃይል ሁሉ ይጠፋል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እዚህ የሚፈተነው የጣት ፍጥነት ሳይሆን ትዕግሥት ነው። ስለዚህ «በቃ፣ ዝጋው!» ከማለትዎ በፊት አጠገቡ ቁጭ ብለው «አሁን ለምን አስተኛኸው?» ብለው ይጠይቁት። ተሸንፎ ሲያኮርፍም «ጨዋታ ነው፣ ተወው» አይበሉት፤ የቱ ተራ ላይ እንደቸኮለ አብራችሁ ፈልጉ። ሽንፈቱን ማስረዳት የቻለ ልጅ ስልኩን አይወረውርም።