ከሣሩ የጎደለው በግልገሉ ይታያል

ከሐርጌሳ በስተምሥራቅ የሚገኘውን ጋአን ሊባህ የተባለውን ተራራ ያየ መንገደኛ ስሙን በቀላሉ አይረሳውም፤ ትርጓሜው በሶማልኛ «የአንበሳ እጅ» ማለት ነውና። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ስለሚበልጥ ጽድና ሌሎችም የደጋ ዛፎች ይበቅሉበታል። ወደ ሰሜን ቍልቍል ሲወርዱ ግን ምድሩ እየሞቀ ይሄድና፥ ጉባን በሚባለው በባሕሩ ዳር ሜዳ ላይ ከእሾህና ከጨዋማ ቍጥቋጦ በቀር የሚታየው ጥቂት ነው። ራሱ ጥቁር፥ ገላው ነጭ፥ ዳሌው በስብ የደነደነው የሶማሌ በግ የሚሰማራው እንዲህ ባለ አገር ነው። አርብቶ አደሩም ዝናምን ብቻ ተከትሎ አይጓዝም፤ እንስሶቹ ጨው እንዳይርባቸው ወደ ጨዋማ ግጦሽና ወደ ጨዋማ ውሃ ይነዳቸዋል። ስለ ምን ይህን ያህል ይደክማል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ አጭር ነው፤ በግ ሣር ስለ በላ ብቻ ጠገበ አይባልም።

«ማዕድን» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ወርቅን ወይም ብረትን ነው። በከብት መኖ ነገር ግን ማዕድን የምንለው፥ ሥር ከአፈር ስቦ ወደ ቅጠል የሚያወጣውን፥ ሣሩም ቢቃጠል በዐመዱ ውስጥ የሚቀረውን ነው። ከእነዚህም ካልሲየምና ፎስፎረስ አጥንትን ያጸናሉ፤ በጨው ውስጥ የሚገኘው ሶዲየም የሰውነትን ውሃ በልክ ይጠብቃል፤ ኮባልት በበግ ጨጓራ የሚኖሩት ረቂቃን ተሕዋስያን ቢ12 የተባለውን ቪታሚን እንዲሠሩ ያስችላቸዋል፤ መዳብ ደግሞ ለደም፥ ለጠጕርና ለነርቭ ያስፈልጋል። የሚፈለገው መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ባንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ለበግ የሚበቃው መዳብ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም ያህል ሲሆን፥ ኮባልት ግን 0.1 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ሣር ባረጀና በደረቀ ጊዜ ፎስፎረሱ ይቀንሳል፤ በበጋ መጨረሻ ከብት አንዳንድ ጊዜ አጥንት ሲቈረጥም የሚታየውም ስለዚህ ነው።

ይህን ነገር በመጽሐፍ ብቻ አላወቅነውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመንግሥት ሥራ ወጥተን በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ ባንድ መንደር ባደርን ጊዜ፥ አንዲት ባልቴት ወደ ጓሯቸው ወስደው አንድ ግልገል አሳዩን። (አማርኛ በመማር ላይ ላሉት ባልደረቦቻችን፤ ግልገል የበግም የፍየልም ልጅ ነው፤ ጠቦት የሚባለው ግን ወንዱ የበግ ግልገል ነው። እኛ በትግርኛ በጉን «በጊዕ» ስለምንለው፥ አማርኛው «በግ» ሲማሩት ብዙ አላስቸገረንም።) ግልገሉ ሲወለድ ደኅና ነበረ፤ በሁለተኛው ወሩ ግን የኋላ እግሮቹ ይወላከፉ ጀመር። ሲነዱት ወገቡ ወዲያና ወዲህ እየተወላገደ ይወድቃል፤ ዓይኑ ግን ንቁ ነው፤ የእናቱንም ጡት ይጠባል።

«ልጄ፥ ይህ ሦስተኛዬ ነው» አሉን ባልቴቲቱ። «የጎረቤቴ ዓይን ነው ይሉኛል፤ እኔም ካምና ወዲህ ደኅና ዋልሽ ብያት አላውቅም።»

እኛም የምንመልሰው ዕውቀት አልነበረንምና፥ «እግዜር ያውቃል፥ እማማ» ብለን ዝም አልን። ያ ዝምታችን ዛሬም ይቈጨናል።

ኋላ የእንስሳት ሐኪም ጠይቀን እንደ ተረዳነው፥ የዚህ ዓይነቱ በሽታ ከታወቀ ቈይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1937 ቤኔትስና ቻፕማን የተባሉ ተመራማሪዎች በምዕራብ አውስትራሊያ፥ በሽታው እናቲቱ በግ በእርግዝናዋ ጊዜ መዳብ በማጣቷ የሚመጣ መሆኑን አስታወቁ። በእኛም አገር በስምጥ ሸለቆ በበግና በፍየል ግልገሎች ላይ መታየቱ በዚያው አቈጣጠር በ1980 በሳይንስ መጽሔት ታትሞ ወጥቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን እንደሚያስፈልገው ሁሉ፥ በአከርካሪ ውስጥ ያለው ነርቭም ሽፋን አለው፤ መዳብ ከጎደለ ያ ሽፋን በሚገባ አይሠራም። የተበላሸው ነርቭ ተመልሶ አይጠገንምና፥ እግሩ ለተያዘው ግልገል መድኃኒቱ ዘግይቷል፤ መጠበቅ የሚገባት ገና ያልወለደችው እናት ናት።

ከዚህም የሚያስደንቀው፥ አንዳንድ ጊዜ በሣሩ ውስጥ መዳብ ሳይጠፋ በጉ መዳብ ማጣቱ ነው። ሞሊብዴነም የተባለው ማዕድንና ድኝ በመኖው ውስጥ በበዙ ጊዜ፥ በጨጓራው ውስጥ መዳቡን አስረው ይይዙታል፤ በጉም ሳይጠቀምበት ያልፋል። እንግዲህ ሣሩ ለምለም ስለ ሆነ ብቻ መኖው ሙሉ ነው ማለት አይቻልም። አሞሌ ጨውም ሆነ በስምጥ ሸለቆ ከብት የሚልሰው ቦሌ የተባለው አፈር ሶዲየምን ይሰጣል፤ ይህም ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ጨው የሌለውን መዳብ ከየት ያመጣዋል?

ይህን የሰማ ሰው ተነሥቶ ነገ ለበጎቹ መዳብ ቢያበላ ግን ሌላ ጥፋት ያደርሳል። ማር ሲበዛ ይመራል ይባላል፤ መዳብ ሲበዛ ደግሞ በግን ይገድላል። ከቤት እንስሳት ሁሉ መዳብ ሲበዛበት ቶሎ የሚጎዳ በግ ነው። ጕበቱ ለብዙ ሳምንት ሲያጠራቅም ይቈይና፥ አንድ ቀን በድንገት ወደ ደሙ ይለቀዋል፤ ያን ጊዜ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፥ ሽንቱ ይጠቍራል፥ በጥቂት ቀንም ይሞታል። ስለዚህ ለላም ወይም ለዶሮ ተብሎ የተዘጋጀ መኖ ለበግ አይሰጥም።

የከተማ ቤተ ሰብም ከዚህ ነገር ውጪ አይደለም። ለበዓል ሙክት የሚያሰባ ሰው በጉን በፉርሽካ ብቻ ሲቀልበው፥ ፉርሽካ ፎስፎረሱ ብዙ፥ ካልሲየሙ ጥቂት ስለ ሆነ፥ በሽንቱ መውረጃ ጠጠር ሊሠራ ይችላል። ሙክቱ እያማጠ ሽንት እንቢ ቢለው በዚያው ቀን ሐኪም ካላየው ይሞታል። መከላከያው ከባድ አይደለም፤ ድርቆሽና ቅጠል መጨመር፥ ንጹሕ ውሃ አለማጓደል፥ ውሃም እንዲጠጣ ጨው ማስላስ ነው።

እንግዲህ ግልገሎቻቸው ለሚወላከፉባቸው ሰዎች ምክራችን ይህ ነው። አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ፤ ከውሻ በሚመጣ የኮሶ ትል ምክንያት በጉ በአንድ ወገን የሚሽከረከርበት አዙሪትም አለና፥ የተንገዳገደ ሁሉ መዳብ ያጣ አይደለም። የከሳውም ሁሉ ኮባልት ያጣ ሳይሆን፥ የሆድ ትላትል የያዘው ይሆናል። ሐኪሙ ደም ወስዶ፥ የሞተም ካለ ጕበቱን አስመርምሮ፥ የጎደለውን ለይቶ ያውቃል፤ መዳብ መሆኑም ከታወቀ መጠኑን ለክቶ ለእርጉዞቹ በጎች በጊዜው ይሰጣል።

የጋአን ሊባህ አርብቶ አደር የሶዲየምን ስም ሳይሰማ ጨው የራበውን እንስሳ ለይቶ ያውቃል፤ ይህን ያስተማረው እንስሶቹን ዘወትር መመልከቱ ነው። መመልከት ያልደረሰበትን ደግሞ ምርመራ ይጨምርለታል። የዚያች ባልቴት በረት ከግልገሎቹ ሌላ አንድ ነገር አጥቶ ነበር፤ ይኸውም የጎረቤት ሰላምታ ነው። ያ መንደር ዳግመኛ ቢገጥመን፥ አስቀድመን የምንነግራቸው ስለ መዳብ አይደለም። «እማማ፥ ጎረቤትዎ ምንም አላደረጉም፤ ሄደው ደኅና ዋልሽ ይበሏቸው» እንላቸዋለን።