ቁሌቱ ቀድሞ ይሠራ፣ እናትም ታስቀድስ

ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጾማ፣ በሕማማት ስትሰግድ የሰነበተች ሴት ትንሣኤው ሲበሠር ምድጃ ሥር መሆን የለባትም። ይህን ስል ዶሮ ወጥ ይቅር ማለቴ አይደለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ከቅዳሴ ሲመለሱ ዶሮ ወጥ የማይጠብቅበት ቤት ለእኔ ፋሲካ የገባበት ቤት አይመስለኝም። ግን ሥራው ሁሉ ለምን ቅዳሜ ላይ ይከመራል?

ጊዜ የሚፈጀው ዶሮው ሳይሆን ሽንኩርቱ ነው። እኛ ቤት ለአንድ ዶሮ ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይከተፋል። መክተፉ አለ፤ ያለ ዘይት በራሱ ውኃ እያማሰሉ ማብሰሉ አለ፤ ከዚያ ዘይትና በርበሬ ገብቶ በዝግታ መቁላላቱ አለ። ግማሽ ቀን ያልፋል። ይህ የግድ ቅዳሜ ይሠራ ያለ ማንም የለም። ቅቤ እስካልገባበት ድረስ ቁሌት የጾም ምግብ ነው፤ ስለዚህ በጾሙ ሳምንት መሥራት ብቻ ሳይሆን መቅመስም ይቻላል። ቅዳሜ ቅቤና ዶሮ የገባበትን ወጥ የምትሠራ ሴት ግን ጾመኛ ናትና መቅመስ አትችልም። እናቴ ትንሽ ልጅ ሳለሁ እኔን እየጠራች ታስቀምሰኝ ነበር። የዓመቱ ትልቁ ወጥ ጨው በአንድ ሕፃን ምላስ ይወሰን ነበር ማለት ነው።

አሁን እኛ ቤት ቁሌቱ የሚሠራው በሆሣዕና ዋዜማ፣ ሕማማት ሳይገባ ነው። በርበሬውም ጨውም በአዋቂ ተቀምሶ ይስተካከላል፤ ከዚያ በደንብ ቀዝቅዞ፣ በክዳን ዕቃ ተከፋፍሎ ፍሪዘር ይገባል። ፍሪዘር የሌለው ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት፣ ጉልባኑ በሚቀቀልበት ሰዓት ሠርቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆየው። ማቀዝቀዣም ከሌለ ሽንኩርቱ ቅዳሜ በማለዳ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ቢላ ይዞ ይከተፍ። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር እህቴ ቅዳሜም ሥራ ስለምትገባ ቁሌቷን ቀደም ብላ ሠርታ ታስቀምጣለች፤ የፋሲካ ወጧም የሚወራለት ነው።

እንዲህ ከሆነ ለቅዳሜ የሚቀረው ጥቂት ነው። ዶሮው ታርዶ፣ 12 ብልት ወጥቶለት፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል። ቁሌቱ ይሞቅና ንጥር ቅቤው ይገባል፣ ብልቶቹ ይከተላሉ፣ መከለሻውና የተቀቀለው እንቁላል መጨረሻ ላይ። ድፎ ዳቦው በኮባ ተጠቅልሎ ጠዋት ቢጋገር ይሻላል፤ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራት ይሄዳልና። ወጡ ቀዝቅዞ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እስኪንተከተክ ማሞቅ ነው። እሱ እስኪሞቅ ተልባ እንጠጣለን። ሁለት ወር ሊሞላ ቅቤ ያላየ ሆድ ላይ ዶሮ ወጥ በድንገት መጫን ደግ አይደለም።

አንዳንድ እናቶች ያደረ ቁሌት የሞያ ማነስ ነው ይሉኛል። እጃቸውን አከብራለሁ፣ ከእነሱም ነው የተማርኩት። ነገር ግን ዶሮ ወጥ ሲያድር እንደሚጣፍጥ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የፋሲካ ማግስት ድስት ላይ የሚሻማው ቤተሰብ ምስክር ነው። ሞያ በድካም የሚለካ ከሆነ ሴት ልጆቻችን ይህን ወጥ መማር ይተዋሉ፤ ትተውትም አይቻለሁ።

ወንዶቹም አሉ። ዶሮ ማረድ የአባወራ ሥራ ነው ተብሎ በደቂቃዎች ያልቃል፤ የቀረው ቀንና ሌሊት የሴቷ ነው። ይህ አድልዎ ነው። አባቶች፣ ወንዶች ልጆች፣ ዘንድሮ ሆሣዕና ሳይደርስ ሽንኩርቱን ገዝታችሁ ግቡ፣ ራሳችሁ ክተፉት፣ ማማሰያውንም ተቀበሉ። የፋሲካ ሌሊት እናታችሁንና ሚስታችሁን ይዛችሁ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ።