የእንግሊዝኛ ጥናት፤ የደስታና የድል ግሦች

በአማርኛ «ደስ አለኝ» ስትል የግሡ ባለቤት አንተ አይደለህም፤ ደስታው ራሱ መጥቶብህ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «አይ ሪጆይስ» ስትል ባለቤቱ አንተው ነህ። ስለዚህ ምን ዓይነት ደስታ እንደ ተደሰትህ መርጠህ መናገር የአንተ ፈንታ ነው፤ ምርጫህም ከሳተ ወዳጅ ታስቀይማለህ።

ከጭልሞ ደን አጠገብ፥ በጊንጪ ከተማ ትኖራለህ እንበል። የጊንጪ ልጆች የአምቦን ልጆች በእግር ኳስ ሁለት ለባዶ አሸነፉ፤ አንተም አምቦ ላለው ወዳጅህ በእንግሊዝኛ ልትጽፍ ተቀመጥህ። የትኛውን ግሥ ትመርጣለህ?

«ሪጆይስ» ማንንም የማይነካ፥ ከበድ ያለ ደስታ ነው፤ «ኢን» ወይም «አት» ይከተለዋል። «ኢግዘልት» ከላቲን «መዝለል» የመጣ ነው፤ እኛ ጮቤ ረገጠ የምንለው ነው። «ትራያምፍ» ከሮማውያን የድል ሰልፍ የተገኘ ሲሆን «ኦቨር»ን አስከትሎ ያሸነፍኸውን ሰው ወይም ችግር ይጠራል። «ግሎት» ግን በሌላው ውድቀት «እሰይ!» ማለት ነው። ለአምቦው ወዳጅህ «ዊ ግሎትድ ኦቨር ዩር ዲፊት» ብትለው መልስ አትጠብቅ።

ልዩነቱን በ1984 ዓ.ም. ከተደረገው የባርሴሎና ኦሊምፒክ እንመልከት። የአምቦ ተወላጅ ፊጣ ባይሳ በ5 ሺህ ሜትር ሦስተኛ ወጣ። ስለዚህ ነገር «አምቦ ሪጆይስድ» ቢባል ያምራል፤ «ትራያምፍድ» ቢባል ግን ይበዛል፥ አንደኛው ሌላ ነበርና። ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ደቡብ አፍሪካዊቱን ኤላና ሜየርን ቀድማ ወርቅ ስትወስድ ግን «ትራያምፍድ» በትክክል ይገባታል። ከዚያም ተቀናቃኟን ጠብቃ፥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ይህ «ኢግዘልት» ነው፤ «ግሎት» የሚባል ነገር ግን አንዳች አልነበረበትም።

በመሥሪያ ቤት ላለኸውም አንድ ቃል እንጨምር። ባልደረባህ ዕድገት ሲያገኝ «ኮንግራቹሌት» ከሚለው ግሥ በኋላ «ፎር» ሳይሆን «ኦን» ጻፍ፤ «አይ ኮንግራቹሌት ዩ ኦን ዩር ፕሮሞሽን» በል። ያንኑ ቦታ አንተም ተመኝተኸው እንደ ሆነ ደግሞ፥ ይህን ዓረፍተ ነገር ያለ ቅሬታ መጻፍ ከሰዋስው የበለጠ ትምህርት ነው።

የቤት ሥራ፤ በአራቱ ግሦች አራት ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ከዚያ «ግሎት» ያለበትን ቀድደህ ጣለው።