የመድረክ ድምፅ ከቤቱ ጋር አይቀበር

የተውኔት ጽሑፍ ከታተመ ተውኔቱ ተጠብቆ ቀርቷል የሚሉ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። ይህ አስተሳሰብ በጽኑ ሊነቀፍ ይገባዋል። ጽሑፍ ቃሉን ያቆያል እንጂ የተዋናዩን ትንፋሽና ዝምታ፣ የተመልካቹን ሳቅና ማጉረምረም፣ አዳራሹ ለድምፁ የሚሰጠውን ምላሽ አያቆይም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሟል። ይሁንና ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው በቴፕ ባይቀረጽ ኖሮ፣ መጽሐፉ በተነሣ ቁጥር በብዙዎች ጆሮ የሚያቃጭለው የጉዱ ካሣ አነጋገር ከየት ይገኝ ነበር? ወጋየሁ የመድረክም ሰው ነበር። ለትረካው የተደረገው ጥንቃቄ ለመድረክ ሥራ ሁሉ ሊደረግ አይገባምን?

ጉዳዩ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስ፣ ይበልጥ አንገብጋቢ ነው። ሰፈሩ እንደ ፈንድቃ ባሉ አዝማሪ ቤቶቹ የታወቀ ነበር። አዝማሪ ቤት መጠጥ ቤት ብቻ አይደለም፤ ያለ መጋረጃ የሚሠራ ቴአትር ነው። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ሰሙን የሰማ ይስቃል፣ ወርቁ የገባው ራሱን ይነቀንቃል። ከዚህ ልውውጥ አንዱም አስቀድሞ በወረቀት አልሰፈረም። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ለዚህ ጥበብ ድምፁን ያዋሱ ክፍሎችም አብረው ፈረሱ።

«ታዲያ ልማት ይቁም ነው የምትሉት?» የሚለን ቢኖር፣ አላልንም። የምንለው፣ ቦታው ለካሣ ሲለካ ድምፁም ይለካ ነው። በቬኒስ ላ ፌኒቼ የተባለው የኦፔራ ቤት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1996 በእሳት ጋየ። ከቃጠሎው ጥቂት ቀደም ብሎ ግን ባለሙያዎች የአዳራሹን የድምፅ ጠባይ ለክተው መዝግበው ነበር። ዘዴው ረቂቅ አይደለም፦ በባዶው ክፍል አጭር ድምፅ ማሰማት፣ ክፍሉ ያንን ድምፅ እንዴትና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስተጋባ መቅረጽ፤ ቀጥሎም ትርኢቱን ተመልካቹ ባለበት መቅረጽ።

ስለዚህ የባህል ኃላፊው ከአፍራሹ አስቀድሞ መቅረጫ ይላክ። መምህሩ ተማሪዎቹን ጽሑፉን ከድምፁ ጋር እንዲመረምሩ ያሠልጥን። ተዋናዩና አዝማሪው ያስቀርጹ፤ መብታቸውም ይከበርላቸው። ቤተ መዛግብቱ ቀኑን፣ ቦታውንና የባለሙያዎቹን ስም መዝግቦ ይረከብ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የተባለው መቅረጫ ባልነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ የመድረክ ድምፅ ቢጠፋ ተጠያቂዎቹ እኛው ነን።