ተራራን በሞተር

የክፍሌ ልጆች ስለ ጉዞ ስናወራ ለምን ሁሌ ሞተር እንደማነሳ ይጠይቁኛል። መልሴ አጭር ነው፦ ተራራማ አገርን በሚኒባስ የዞረ ሰው ያየው መስኮት ነው። እሱንም ቢሆን አጠገቡ የተቀመጠው ሰው "ብርድ ገባ፣ ዝጋው" እስኪለው ድረስ ነው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን መንገድ እንውሰድ። ርቀቱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አርባ ምንጭ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ስትሆን ጨንቻ ከ2,700 ሜትር ታልፋለች። በሞተር ለሚወጣ ሰው ይህን ቁጥር የሚነግረው ቆዳው ነው። ከታች በሸሚዝ የተነሳ ዶርዜ ሳይደርስ ጃኬቱን ይቆልፋል፤ ጨንቻ ሲገባ ደግሞ ጣቱ ፍሬን መያዝ ያቅተዋል። የቆላው ሙቀት ይቀርና የእንሰት፣ የእርጥብ አፈርና የጢስ ሽታ ይመጣል። ከሁሉ የምወደው ግን አንዱ ኩርባ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ታች ማየትን ነው፦ አባያ ደፍርሶ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው መሬት ተጋድሞ። ሚኒባስ ለዚህ አይቆምም። ረዳቱን "አንዴ አቁምልን" ብትሉት ምን እንደሚመልስ ታውቁታላችሁ።

ሞተር ያቆመ ሰው ደግሞ ወሬ አያጣም። ባለፈው ክረምት ዶርዜ ላይ አንድ ሸማኔ አባት "በርዶሃል ልጄ፣ ግባ" ብለው ቆጮ አቀረቡልኝ። የቀርከሃ ቤታቸው ከጎረቤቱ ለምን እንዳጠረ ስጠይቃቸው ሳቁ። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን እየቆረጡ ስለሚጥሉት ቤቱ ሲያረጅ ያጥራል ለካ! ይህን ማንም መምህር አሳይመንት ሰጥቶኝ አላገኘሁትም።

እናቴ በዚህ ሁሉ አትስማማም። "ሞተር እኮ ገና ሲጠሩት 'ሞተ' ብሎ ነው የሚጀምረው" ትላለች። እውነቷን ነው። ዝናብ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ከኩርባው ጀርባ መሃል መንገዱን ይዞ የሚመጣ አይሱዙ አለ። ስለዚህ ያለ ሄልሜት አልነሳም፣ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ አልወርድም፣ ማታ ጭራሽ አልነዳም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተሮችን ካገደች ወዲህ ደግሞ ሞተር የሚወድ ሁሉ በሌባ ዓይን ይታያል። የከተማው ጣጣ ግን የጨንቻን ዳገት ምን አገባው?

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ስኮትላንዳዊው ተዋናይ ኢዋን ማክግሬገር ከጓደኛው ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ እስከ ኬፕ ታውን በሞተር ሲጓዝ በኢትዮጵያም አልፎ ጉዞው በቴሌቪዥን ታይቷል። እኛ የዚሁ አገር ጋዜጠኞች ልንሆን እየተማርን ተራራችንን ከመጋረጃ ጀርባ እናየዋለን። የትምህርት ክፍላችን ለመስክ ጉብኝት ሞተር ይከራይልን አልልም፣ በጀቱንም የእናቴን ጸባይም አውቃለሁ። አውቶቡሱ ግን ቢያንስ ኩርባዎቹ ላይ ይቁምልን፤ አሥር አሥር ደቂቃ ይበቃናል።