ሚኒባሱ ይቆይ፤ ጄኔሬተሩ ግን ሌሊት ይረፍ



ከወፍጮ ቤቱ አጥር ሥር ሚኒባሱን አቁሞ ቡናና ጁስ የሚሸጠውን ልጅ የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። የእሱን ቡና ሳይቀምስ ወደ ሥራ የሚወርድ ሰውም ጥቂት ነው። ሰሞኑን ግን «ከሰፈራችን ይነሳልን» የሚል ማመልከቻ ተጽፎበት ቤት ለቤት እየዞረ ይገኛል። እኔም ዘንድ ደርሶ እንድፈርም ተጠይቄ ነበር፤ አልፈረምኩም። ምክንያቴን በዚህ ሰሌዳ ላይ ማስረዳት ይገባኛል ብዬ ስላመንኩ ብዕሬን አንስቻለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንመን። የከሳሾቹ ቅሬታ ሐሰት አይደለም። ጄኔሬተሩ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተነስቶ እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ዱግ ዱግ ሲል ያድራል። ከአጥሩ ወዲህ አራስ ተኝታለች። የወፍጮ ቤቱ ዘበኛም የሚያድረው ከጄኔሬተሩ ሁለት እርምጃ በማይርቅ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ይሄ እንዲህ ሊቀጥል እንደማይገባ ከማንም ጋር አልከራከርም። የምከራከረው መፍትሔው ልጁን ማባረር ነው በሚለው ላይ ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመኪና ኤሌትሪክ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ቴስተሬን ይዤ ወደ ልጁ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ እያንዳንዳቸው 100 አምፔር-ሰዓት የሚይዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተገናኝተው ተቀምጠዋል፤ በድምሩ 200 መሆኑ ነው። ቡናው የሚፈላው በጋዝ ስለሆነ ባትሪው የሚሸከመው ፍሪጁን፣ መብራቱንና በኢንቨርተር የሚሠራውን የጁስ መፍጫ ነው። ማታ ሥራውን ዘግቶ ሁሉን ካጠፋፋ በኋላ፣ ባትሪው ትንሽ ሲያርፍ ለካሁት፤ 12.1 ቮልት። ግማሹ ያህል ወጥቷል ማለት ነው።

«ታዲያ ጄኔሬተሩን በየት በኩል ነው ያገናኘኸው?» አልኩት። ገመዱን አሳየኝ። ጉድ ነው! ጄኔሬተሩ ላይ 12 ቮልት ከሚለው ትንሽ ሶኬት ተነስቶ በቀጥታ ባትሪው ላይ ታስሯል።

«ጋሼ፣ እኮ የባትሪ መሙያ ይላል፤ ያንብቡት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይላል። አልፈረድኩበትም።

ነገር ግን ይህች ሶኬት በአብዛኞቹ ትንንሽ ጄኔሬተሮች ላይ የምትሰጠው 8 አምፔር ገደማ ብቻ ነው። መንገድ ላይ የደከመ የመኪና ባትሪ ለማነቃቃት ትሆናለች እንጂ ፍሪጅ ሲሸከም የዋለ ባትሪ አትሞላም። ሂሳቡ ቀላል ነው። የወጣው 100 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ሲሞላ የሚባክነው ሲጨመርበት 115 ይጠጋል፤ ለ8 ቢካፈል ከ14 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጄኔሬተሩ የሚነሳው ደግሞ ለ8 ሰዓት ነው። እንግዲህ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ አራስ ሲያስነሳ አድሮ፣ 4 ሊትር ቤንዚን አቃጥሎ፣ ጠዋት ባትሪው ሙሉ አይደለም! ይባስ ብሎ ሶኬቷ ባትሪው ጠገበ አልጠገበ ብላ የምትቆጣጠርበት መሣሪያ የላትም። እኛም ተበጠበጥን፣ እሱም አልተጠቀመም።

መሆን ያለበት ሌላ ነው። ከጄኔሬተሩ ባለ 220 ቮልት ሶኬት ላይ ራሱን የቻለ የባትሪ ቻርጀር ይሰካል፤ ባትሪውን የሚሞላው ቻርጀሩ ነው። ለ200 አምፔር-ሰዓት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ እስከ 40 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ባትሪውን ያሞቀዋል። እንዲህ ያለው ቻርጀር ከጄኔሬተሩ 700 ዋት ያህል፣ አንዳንዱ አሠራሩ ደካማ የሆነው ደግሞ 1,000 የሚጠጋ ጭነት ይጥላል። የልጁ ጄኔሬተር 2,000 ዋት ይላል። ይህ የተጻፈው ግን ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። 1,500 ቀረው እንበል። እሱም ቢሆን ይበቃዋል። (በነገራችን ላይ፣ በየቤታችሁ ጄኔሬተር ገዝታችሁ «የተጻፈበትን አይሸከምም፣ ተታለልኩ» የምትሉ ሁሉ፣ ሻጩን ከመርገማችሁ በፊት ይህን አስቡ።)

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደረስን። ባትሪ መሙላት ጆንያ እንደ መሙላት ነው። መጀመሪያ እህሉ በአካፋ ይዛቃል፤ ወደ አፉ ሲቃረብ ግን እየነቀነቁ በእፍኝ ነው የሚጨመረው። የእርሳስ ባትሪም ከግማሽ እስከ 80 በመቶ ድረስ የተሰጠውን ሁሉ ይውጣል፤ በ40 አምፔር ቻርጀር ይህ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። ቮልቱ 14.4 ከደረሰ በኋላ ግን በራሱ ጊዜ እየቀነሰ ነው የሚቀበለው፤ የቀረችውን 20 በመቶ ለመጨረስ አራት አምስት ሰዓት ይወስዳል። በእነዚያ ሰዓታት ጄኔሬተሩ ቤንዚን የሚጠጣው ለእፍኝ ነው። ስለዚህ ጄኔሬተር ለአካፋው እንጂ ለእፍኙ መነሳት የለበትም ባይ ነኝ።

እፍኙንስ ማን ይሙላው? ፀሐይ። ጣሪያው ላይ 200 ዋት የሶላር ሰሌዳ ከነመቆጣጠሪያው ቢገጠም በበጋ ቀን 50 አምፔር-ሰዓት ያህል ያስገባል፤ ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው። በክረምት ይቀንሳል፣ አልክድም። እሁድ ሥራ ስለሌለው ፍሪጁን አጥፍቶ ሚኒባሱን ሙሉ ቀን ለፀሐይ ይተወው፤ የእርሳስ ባትሪ በሳምንት አንዴ እንኳ እስከ አፉ ካልሞላ ውስጡ ሰልፌት እየጋገረ ይሞታልና። «የመኪናው ዲናሞ አይሞላውም ወይ?» ያሉኝ አሉ። ሚኒባሱ ከቆመበት ፈቀቅ አይልም፤ ቆሞ ሞተር ማስነሳት ደግሞ ያው ጭስ፣ ያው ጩኸት ነው።

ስለ ጭሱ ካነሳሁ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ኮረም አካባቢ የመገናኛ ሬዲዮ በተገጠመላት ላንድሮቨር ላይ እሠራ ነበር። የሬዲዮውን ባትሪ ማታ ማታ የምንሞላው በትንሽ ጄኔሬተር ነበር። አንድ ሌሊት ብርዱ ስለበረታና ዝናብም ስላሰጋን ጄኔሬተሩን ከመኪናዋ ሥር አስጠግተን ሁለት ጓደኞቼ ውስጥ ተኙ። ንጋት ላይ ሳንኳኳ መልስ የለም። አንዱን ጎትቼ ሳወጣው እግሩ አልታዘዘውም፤ ሁለተኛው ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ አልነቃም። እግዜር ይመስገን ሁለቱም ተርፈዋል። ያ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። «ጭስ አልሸተተኝም» ብሎ መጽናናት አይቻልም። በየማታው ስለዚያ ዘበኛ ስናስብ እንቅልፍ ሊወስደን አይገባም ነበር፤ እኛ ግን የምንወያየው ስለ ጩኸቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ጄኔሬተሩ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ብቻ ይነሳ፤ በዚያ ሰዓት መንገዱም ይንጫጫል፣ የተኛም ሰው የለም። ከቆርቆሮ ቤቱና ከማንኛውም መስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ የማርሚታው አፍ ወደ ወንዙ ይዙር፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ በጭራሽ አይነሳ። ባትሪው የተቀመጠበት ሣጥን መተንፈሻ ይበጅለት፤ ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። ገመዱም መጀመሪያ ባትሪው ላይ ይታሰር፣ ቻርጀሩ ከዚያ በኋላ ይብራ።

ገንዘቡስ? ልጁ ቻርጀሩን በራሱ ይገዛል፤ በየሌሊቱ ከሚያተርፈው ቤንዚን ይወጣለታል። ሶላሩ ግን በአንድ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ነው። ማኅበራችን ለኳስ ሜዳው አጥር ካዋጣነው የተረፈውን ለስድስት ወር ቢያበድረው ምን ይጎዳል? «ማኅበሩ ባንክ አይደለም» የሚል እንደሚነሳ አውቃለሁ። አይደለም፤ ግን ልጁን ብናስነሳው ሌላ ሰፈር ሄዶ ሌላ ዘበኛ አጠገብ ያንኑ ጄኔሬተር ነው የሚያስነሳው። ወደፊት ገንዘብ ሲይዝ ሊቲየም ባትሪ ቢገዛ ደግሞ ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ ያኛው እስኪሞላ ድረስ በአካፋ ይቀበላል፣ ቻርጀሩ ግን ለእሱ የሚስማማ መሆን አለበት።

ማመልከቻው የሚታየው በመጪው እሁድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ ነው። የፈረማችሁም ያልፈረማችሁም ኑ። አንድ ባለ 40 አምፔር ቻርጀር ከቀድሞ ባልደረባዬ ተውሼ አመጣለሁ፤ ልጁም ሚኒባሱን በር ላይ ያቆማል፤ ሰዓታችሁን ይዛችሁ በስንት ደቂቃ ስንት እንደሚገባ አብረን እንለካለን። እስከዚያው ድረስ ግን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ጄኔሬተሩን ከዘበኛው ቤት እንዲያርቅ ነግሬው እሺ ብሎኛል። ገመዱ አጭር ስለሆነበት ትርፍ ገመድ ያላችሁ ብታውሱት።